በሩ ወዴት ይከፈታል?

ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲ ግቢ የገባሁ ሰሞን፣ ሌሊቱ ሊነጋጋ ሲል ከእንቅልፌ የሚቀሰቅሰኝ ድምፅ ነበር። የመጀመሪያ ዕለት ዳገት የሚወጣ ከባድ መኪና መሰለኝ። ከመሬት ሥር የሚመጣ ይመስላል፤ ደረት ውስጥ ይገባል፤ ከዚያ እየቀነሰ እየቀነሰ እንደ ማቃሰት ሆኖ ይቆማል። ከላይኛው አልጋ የተኛው ጓደኛዬ ዓይኑን ሳይገልጥ «አንበሳ ነው ባክህ፤ ተኛ» አለኝ። እሱ የሰፈሩ ልጅ ስለሆነ ለምዶታል። እኔ ግን ከገጠር የመጣሁ ነኝ፤ የጅብ ጩኸት እንጂ የአንበሳ ግሳት ሰምቼ አላውቅም ነበር። ከዚያን ቀን ወዲህ ብዙ ንጋት ነቅቼ ጠብቄዋለሁ።

ግሳቱ ለምን እንደሆነ ያወቅሁት ከዓመታት በኋላ ነው። አንበሳ አብዛኛውን ጊዜ የሚያገሳው በሌሊትና በንጋት፣ አየሩ ረግቶ ድምፅ ርቆ በሚሄድበት ሰዓት ነው። ጸጥ ባለ ሜዳ ላይ ግሳቱ እስከ 8 ኪሎ ሜትር ይሰማል። ለባዕድ «ይህ የኔ አገር ነው» ይላል፤ ለቤተሰቡ ደግሞ «እዚህ ነኝ፣ የት ናችሁ?»። ተመራማሪዎች የተቀረጸ ግሳት በዱር ላሉ አንበሶች አሰምተው እንዳረጋገጡት፣ አንበሶቹ የሚያገሱት ባዕዳን ስንት እንደሆኑ በድምፃቸው ለይተው፣ ከራሳቸው ቁጥር ጋር አመዛዝነው፣ መጠጋት ወይም መተው እንዳለባቸው ይወስናሉ። ከስድስት ኪሎ የሚነሳ ግሳት 8 ኪሎ ሜትር ቢጓዝ እንጦጦን፣ ፒያሳን፣ መስቀል አደባባይን ያልፋል። በዚያ ሁሉ መንገድ ላይ መልእክቱን የሚረዳ ጆሮ የለም። የሚመልስለት እዚያው አጥር ውስጥ ያለ ዘመዱ ብቻ ነው።

የዱር እንስሳን ይዞ ማኖር ተገቢ ነው ወይ ተብሎ ሲጠየቅ ክርክሩ ቶሎ ወደ ምግብና ወደ ስፋት ይሄዳል። ሥጋው ይበቃዋል? ሐኪም ያየዋል? ግቢው ስንት ካሬ ነው? እነዚህ ተገቢ ጥያቄዎች ናቸው፤ መልሳቸውም ለእንስሳው ብዙ ነገር ይለውጣል። እኔ ግን ከሁሉም በፊት መነሳት ያለበት ሌላ ጥያቄ አለ እላለሁ፤ በሩ ወዴት ይከፈታል? እንስሳው ራሱ፣ እሱ እንኳ ባይሆን ልጆቹ ወይም የልጅ ልጆቹ፣ አንድ ቀን የሚወጡበት መንገድ ታስቦላቸዋል? ካልታሰበላቸው የያዛቸው ሰው ስለ ምን ብሎ ያዛቸው? (በዚህ ምዕራፍ ያሉት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከቤታችን ልጀምር። በአገራችን አንበሳን ይዞ ማኖር የሥልጣን ምልክት ነበር። ዐፄ ቴዎድሮስ ለማዳ አንበሶች በዙፋናቸው ዙሪያ ያኖሩ እንደነበር የጎበኟቸው አውሮፓውያን ጽፈዋል። ዐፄ ኃይለ ሥላሴም በቤተ መንግሥታቸው አንበሶች ነበሯቸው፤ «ሞዓ አንበሳ ዘእምነገደ ይሁዳ» ለሚለው ማዕረግ ነፍስ ያለው ማስረጃ ሆነው ይታዩ ነበር። ተረታችንም «ድር ቢያብር አንበሳ ያስር» ይላል፤ የደካሞችን ኅብረት ለማወደስ የተመረጠው ምሳሌ የታሰረ አንበሳ ነው። ሳንቲማችን ላይ አንበሳ፣ አውቶቡሱ ላይ አንበሳ፣ ብሔራዊ ቴአትር ደጃፍ የድንጋይ አንበሳ፣ ለገሃር ደግሞ የነሐስ አንበሳ አለ። የለገሃሩን ፋሺስቶች ነቅለው ሮም ወስደውት ነበር፤ በ1960ዎቹ ተመልሶ በቦታው ቆመ። ሐውልቱ የማን እንደሆነና የት መቆም እንዳለበት ለማንም ግልጽ ነበር፤ ለዚህም ነው የተጠየቀው፣ ለዚህም ነው የተመለሰው።

ሥጋና ደም የለበሱት አንበሶች ታሪክ ሌላ ነው። የስድስት ኪሎው አንበሳ ግቢ የተቋቋመው በ1948 ነው። መነሻዎቹ 7 አንበሶች፣ አምስት ወንድና ሁለት ሴት፣ ከደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ የተያዙ እንደነበሩ ይነገራል። ከዚያ በኋላ የተወለዱት ትውልዶች አጥሩን እንጂ ጫካውን አያውቁም። በ2006 መገባደጃ ላይ አንድ ዜና ዓለምን ዞረ፤ ቦታና ገንዘብ በማጠሩ ደቦሎች በመርዝ እየተገደሉ፣ ሬሳቸው ለጌጥ ሞልተው ለሚያዘጋጁ ሰዎች ይሸጥ ነበር። ዜናውን ያነበብኩበትን ወንበር ሳይቀር አስታውሳለሁ። ያንን የንጋት ድምፅ አሰብኩ። በብዙ አገር ቁጣ ተነሳ። ቁጣው ትክክል ነበር፤ ግን ከመርዙ በፊት የነበረውን ጥያቄ አላነሳም። መውጫ በሌለው ግቢ ውስጥ አንበሶች እየተዋለዱ ከሄዱ ቁጥራቸው አንድ ቀን ከቦታው በላይ መሆኑ አይቀርም። ደቦሎቹ በተወለዱበት ቀን ይህ ይታወቅ ነበር።

ከዚያ ያልተጠበቀ ነገር መጣ። በ2012 ከብሪታንያው ዮርክ ዩኒቨርሲቲና በላይፕዚግ ከሚገኘው ማክስ ፕላንክ ተቋም የመጡ ተመራማሪዎች ከአንበሳ ግቢ 15 አንበሶች የዘረ መል ናሙና መረመሩ። ውጤቱ እነዚህ አንበሶች ለንጽጽር ከቀረቡት ሌሎች የአፍሪካ አንበሶች በዘር የተለዩ መሆናቸውን አሳየ። ከአንገት አልፎ በደረት እስከ ሆድ የሚወርደው ጥቁር ጎፈራቸው፣ ከሌሎቹ አነስ ጠበቅ ያለው ሰውነታቸው የግቢ ኑሮ ያመጣው ብቻ አልነበረም። ለክብር መግለጫ የተያዙት አንበሶች ሊጠፋ የሚችል የአንድ ዘር ቅርስ ተሸካሚ ሆነው ተገኙ። ተመራማሪዎቹ በጥንቃቄ እንዲራቡ መከሩ።

ይራቡ፤ ወዴት ለመሄድ? በባሌ የሐረና ደን፣ በጋምቤላ፣ በኦሞ ዛሬም አንበሳ አለ። በ2016 በአላጥሽ ብሔራዊ ፓርክ አንበሶች መኖራቸው በካሜራ ተረጋግጧል። ነገር ግን በግቢ ያደገ አንበሳ ሰውን አይፈራም፤ አድኖ መብላት አልተማረም፤ ሥጋ በሰዓቱ እንደሚመጣ ያውቃል። እንዲህ ያለ አንበሳ ከብት የሚያረባ ሕዝብ በሚኖርበት አካባቢ ቢለቀቅ መጀመሪያ የሚያጠቃው በሬ ወይም እረኛ ነው፤ ቀጥሎ የሚሞተው እሱ ነው። በሰው እጅ የተወለዱ ሥጋ በል እንስሳት ወደ ዱር ሲመለሱ ከዱር ተይዘው ከተዛወሩት ይልቅ የመትረፍ ዕድላቸው ያነሰ መሆኑ በብዙ አገር ታይቷል። በሩ ሰባት ዓሥርት ዓመታት ከተዘጋ በኋላ መክፈት ብቻውን አይበቃም፤ ከበሩ ማዶ ያለውም ተለውጧል።

ከበሩ ወዲህ ያለው ኑሮስ ምን ይመስላል? ስሙን በማልጠቅሰው ከተማ፣ በአንድ ግቢ ውስጥ ለብዙ ዓመት አንበሳ የመገቡ ሽማግሌ አግኝቼ ነበር። አንበሳው ከአጥሩ አንድ ጥግ ወደ ሌላው ይሄዳል፤ ሲደርስ ጭንቅላቱን በአንድ አቅጣጫ ይወረውርና ይዞራል፤ ተመልሶ እዚያው ላይ ደርሶ እንደገና ይወረውራል። እግሩ የሚያርፍበት ሳር ጠፍቶ አፈሩ እንደ ሊሾ ሆኗል።

«ጋሼ፣ ምን ሆኖ ነው እንዲህ የሚንቆራጠጠው?» አልኳቸው።

«ምን አውቃለሁ ልጄ። ከመጣሁ ጀምሮ እንዲሁ ነው። እኔ ስጠራው ይቆማል፤ ድምፄን ያውቃል። ታምሜ የቀረሁ ጊዜ ምግቡን አልነካም ነበር አሉኝ።» ትንሽ ዝም ብለው ቆዩና «እኔም እሱን ትቼ ጡረታ መውጣት ፈራሁ» አሉ።

እኚህን ሽማግሌ ያነሳሁት፣ በመካነ አራዊት ላይ የሚቀርብ ወቀሳ ሁሉ መጨረሻው እንደሳቸው ባሉ ሰዎች ላይ ማረፍ ስለሌለበት ነው። ፍቅራቸው እውነት ነው። የአንበሳው መንቆራጠጥም እውነት ነው። አንዱ ሌላውን አይሽረውም።

መንቆራጠጡ በሳይንስ በደንብ ተጠንቷል። ግብ የሌለው፣ ያለ ለውጥ የሚደጋገም እንቅስቃሴ በተያዙ እንስሳት ላይ በብዛት ይታያል፤ ዝሆን ቆሞ ሲወዛወዝ፣ ድብ ሲመላለስ፣ ቀጭኔ ብረት ሲልስ። በ2003 ሮስ ክላብ እና ጆርጂያ ሜሰን የተባሉ የኦክስፎርድ ተመራማሪዎች «ኔቸር» በተባለው መጽሔት አንድ አስገራሚ ነገር አሳተሙ። ይህ ምልክት በየትኞቹ ሥጋ በል እንስሳት እንደሚብስ ሲመረምሩ ወሳኙ ነገር የአደን ፍላጎት ሆኖ አልተገኘም። ወሳኙ እንስሳው በዱር ምን ያህል አገር ያካልላል የሚለው ነበር። በዱር ሰፊ አገር የሚያካልሉት በግቢ ውስጥ ይበልጥ ይንቆራጠጣሉ፤ ግልገሎቻቸውም ይበልጥ ይሞታሉ። የዋልታ ድብ በተለመደ መካነ አራዊት የሚሰጠው ቦታ በዱር ከሚያስፈልገው ትንሹ ክልል አንድ ሚሊዮንኛ ገደማ ነው። አንድ ሚሊዮንኛ ማለት ግቢውን አሥር እጥፍ ብታሰፋው እንኳ አንድ መቶ ሺህኛ ነው። በአንጻሩ እንደ በረዶ ነብር ያሉት በተሻለ ሁኔታ ይኖራሉ። ስለዚህ «መካነ አራዊት ለእንስሳት ጥሩ ነው ወይስ መጥፎ?» ብሎ በጅምላ መጠየቅ አያዋጣም። ለየትኛው እንስሳ? ነው ጥያቄው።

ለዝሆን መልሱ ከባድ ነው። በ2008 «ሳይንስ» መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት በአውሮፓ መካነ አራዊት የነበሩ ሴት ዝሆኖችን ዕድሜ አነጻጸረ። በግቢ የተወለዱት የአፍሪካ ዝሆኖች መካከለኛ ዕድሜ 16.9 ዓመት ነበር። በኬንያ አምቦሴሊ፣ ሰው ሳይገድላቸው በተፈጥሮ የሞቱት ግን 56 ዓመት ኖረዋል። የግቢዎቹ አጭር ዕድሜ እንግዲህ አዳኝ በሌለበት፣ ድርቅ በሌለበት፣ ሐኪም በየዕለቱ በሚጎበኝበት ቦታ ነው። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳነብ ተገላቢጦሽ የተጻፈ መስሎኝ ነበር። ከዚያ ወዲህ አያያዙ ተሻሽሏል የሚሉ አሉ፤ መሻሻሉንም አልክድም። ሆኖም ክፍተቱ በገላ መታጠቢያና በተሻለ ድርቆሽ የሚሞላ አይመስለኝም።

ኒው ዮርክ፣ ብሮንክስ መካነ አራዊት ውስጥ ሃፒ የምትባል የእስያ ዝሆን አለች። በ1970ዎቹ መጀመሪያ በታይላንድ ገና ጡት ሳትጥል ከእናቷ ተለይታ የተያዘች ናት፤ ከ1977 ጀምሮ እዚያ ኖራለች። በአንድ ሙከራ ላይ ግንባሯ ላይ ምልክት ተቀብቶባት ከትልቅ መስታወት ፊት ስትቆም፣ መስታወቱን ትታ በኩምቢዋ የራሷን ግንባር ደጋግማ ዳሰሰች። በመስታወቱ ውስጥ ያለችው እሷ መሆኗን አውቃለች ማለት ነው፤ ይህን በማድረግ ከዝሆኖች ሁሉ የመጀመሪያዋ ሆና በ2006 ተዘገበች። የቅርብ ጓደኛዋ ከሞተች በኋላ ከሌሎች ዝሆኖች ተለይታ ለዓመታት ኖረች። ጠበቆች ስለ እሷ ፍርድ ቤት ሄዱ፤ ያቀረቡት እኛ «አካልን ነጻ የማውጣት አቤቱታ» የምንለውን ነው። በሰኔ 2022 የኒው ዮርክ ከፍተኛው ፍርድ ቤት 5 ለ2 በሆነ ድምፅ አቤቱታውን ውድቅ አደረገ። ያ መብት የሰው ብቻ ነው አለ። ሕጉን ለሕግ ሰዎች ልተወው፤ እኔን የያዘኝ ሁለት ዳኞች በዝሆን በኩል መቆማቸው ነው።

ብሮንክስ የሚለውን ስም ስሰማ ሌላ ታሪክ ይከተለኛል። በ1906 እዚያው መካነ አራዊት፣ በዝንጀሮዎች ቤት፣ ኦታ ቤንጋ የተባለ የኮንጎ ሰው ለሕዝብ እንዲታይ ተደርጎ ነበር። ጥቁር ፓስተሮች ተቆጥተው ነው ያስወጡት። ኦታ ቤንጋ በ1916 ራሱን አጠፋ፤ የመካነ አራዊቱ ባለቤት ድርጅት በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ2020 ነው። ሰውን ከዝሆን ጋር ለማስተካከል አይደለም ይህን ያነሳሁት፤ እንዲያ ያለ ንጽጽር የዚያን ሰው ቁስል እንደገና መንካት ይሆናል። የማነሳው የማሳየት ልማድ ከየት እንደመጣ ነው። ቪየና ሾንብሩን በ1752፣ ፓሪስ በ1793፣ ለንደን በ1828 የተከፈቱት መካነ አራዊት ያደጉት አውሮፓ ዓለምን እየተቀራመተች በነበረበት ዘመን ነው። የሐምቡርጉ ነጋዴ ካርል ሃገንቤክ በ1860ዎቹና 70ዎቹ ከከሰላ ዙሪያ፣ ከእኛው ምዕራባዊ ድንበር ማዶና ወዲህ፣ ዝሆን፣ ቀጭኔና አንበሳ በቅፍለት እያስነዳ ወደ አውሮፓ ያስጭን ነበር። ግልገል ለመያዝ እናት ትገደላለች፤ የዚያ ዘመን አያያዝ ይኸው ነበር። ያው ሃገንቤክ ከእንስሳቱ ጋር የኑቢያ ሰዎችን አምጥቶ በአውሮፓ ከተሞች አሳይቷል። በ1907 ደግሞ ፍርግርጉን አስወግዶ በቦይ የሚለይ፣ ለዓይን ነጻ የሚመስል መካነ አራዊት የከፈተው እሱ ነው። ዛሬ በየአገሩ የምናያቸው ሰው ሠራሽ ቋጥኞችና ቦዮች የእሱ ልጆች ናቸው። ቦዩ የተመልካቹን ኅሊና አሳረፈ፤ አንበሳው የሚራመደው ግን ያንኑ ያህል ነው።

ሳፋሪ ፓርክ የዚህ ሐሳብ ቀጣይ እርምጃ ነው። በ1966 በእንግሊዝ ሎንግሊት በሚባል የመኳንንት ርስት ላይ አንበሶች በሰፊ ሜዳ ተለቀቁ፤ ጎብኚው መስኮቱን ዘግቶ በመኪና ያልፋል። በእስራኤል ያሉ ቤተሰቦቻችን ልጆቻቸውን የሚወስዱበት የራማት ጋን ሳፋሪም በ1974 የተከፈተው በዚሁ አሠራር ነው። ስፋቱ ለመንጋ እንስሳት ትልቅ ነገር ነው፤ የሜዳ አህያ ሲሮጥ ማየትና በረት ውስጥ ቆሞ ማየት አንድ አይደሉም። በሩ ግን እዚህም ወደ ውጭ አይከፈትም። አጥሩ ርቆ ስለቆመ አይታይም እንጂ አለ።

መውጫ የሌለው መራባት ወዴት እንደሚያደርስ በግልጽ የታየው በኮፐንሃገን ነው። ፌብሩዋሪ 9 ቀን 2014 ማሪየስ የተባለ የ18 ወር ጤነኛ ቀጭኔ በመካነ አራዊቱ በጥይት ተገደለ። ሬሳው ሕጻናት ባሉበት በሕዝብ ፊት እየተበለተ ተብራራ፤ ሥጋው ለአንበሶች ተሰጠ። ምክንያቱ ዘሩ በአውሮፓ የማራቢያ መርሐ ግብር ውስጥ በበቂ ሁኔታ በመኖሩ፣ እሱን ማስቀረት የቅርብ ዘመዳሞችን መዋለድ ያስከትላል የሚል ነበር። ከመገደሉ በፊት እንውሰደው ያሉ ነበሩ፤ በአስር ሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ፊርማቸውን አኑረው ለምነዋል። መካነ አራዊቱ ግን ውሳኔውን አልለወጠም፤ ያደረገውንም አልደበቀም።

ስለ ማሪየስ ለብዙ ጊዜ አስቤያለሁ፤ ሐሳቤም አንድ ቦታ አልረጋ ብሎኝ ቆይቷል። ሬሳው በሕዝብ ፊት መበለቱ አላስከፋኝም። በግ ሲታረድ እያዩ ላደጉ የአገሬ ልጆች ያ አዲስ ነገር አይደለም፤ ሕጻን ልጅ ልብ የቱ ጋ እንዳለ ቢያይ አይጎዳም። አንበሳውም የሚበላው ሥጋ ከአንድ እንስሳ መምጣቱ አይቀርም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። የመካነ አራዊቱ ሰዎች ቀጭኔዎች መውለድና ማሳደግ የተፈጥሮ ባሕርያቸው ስለሆነ በወሊድ መከላከያ አንከለክላቸውም ይላሉ። ይህ ክብደት ያለው ሐሳብ ነው፤ እናት ግልገሏን ስትልስ መኖሯ ሙሉ ይሆናል። ግን የተወለደው ግልገል ደግሞ የራሱ ሕይወት አለው። ሲወለድ ወደ የትም እንደማይሄድ እያወቁ እንዲወለድ ከፈቀዱ፣ ለእናቱ የተሰጠው ደስታ ከእሱ ዕድሜ ተቀንሶ የተከፈለ ነው። ለማራቢያ መርሐ ግብሩ ቀጭኔ ቁጥር ነው፤ ማሪየስ ግን ስም ነበረው። በዱር ያለ ቀጭኔ በአንበሳ ሲበላ ማንም አልወሰነበትም፤ እዚህ ግን ወሳኙ ያኖረው፣ ያበላው፣ ስም ያወጣለት ሰው ነው። ከስድስት ኪሎው ዜና የሚለየው በገንዘብ አቅምና በአሠራሩ ግልጽነት ነው፤ ሥሩ አንድ ነው።

ለመካነ አራዊት የሚቀርበው ጠንካራው መከራከሪያ ደግሞ አለ፤ እሱን ሳላነሳ ባልፍ ለአንባቢ ታማኝ አልሆንም። ሳላ የሚባለውን ረጃጅም ቀንድ ያለው እንስሳ የአዋሽ ፓርክን የጎበኘ ሁሉ ያውቀዋል። የዐረብ ምድር የሆነው ነጭ ዘመዱ በጠመንጃና በመኪና ታድኖ በ1972 ከዱር ፈጽሞ ጠፋ። ነገር ግን አስቀድሞ፣ ከ1962 ጀምሮ፣ ጥቂቶቹ ተይዘው አሜሪካ ፊኒክስ መካነ አራዊት ገብተው ነበር፤ ከዐረብ ነገሥታት የግል ግቢ የመጡም ተጨመሩባቸው። ከእነዚህ የተወለዱት በ1982 ኦማን በረሃ ላይ ተለቀቁ። በሩ በእውነት ተከፈተ! በ1996 በኦማን ወደ 450 ደርሰው ነበር። ከዚያ አዳኞች ተመለሱ፤ በሕይወት የሚያዙት ለግል ሰብሳቢዎች ይሸጡ ነበር፤ ቁጥሩ ወደ 65 ወረደ። መንግሥት የጥብቅ ክልሉን ስፋት በ90 በመቶ ሲቀንሰው ዩኔስኮ በ2007 ቦታውን ከዓለም ቅርስ መዝገብ ሰረዘው፤ ከመዝገቡ የተሰረዘ የመጀመሪያው ቦታ እሱ ነው። በሌሎች የዐረብ አገሮች ግን ጥረቱ ቀጠለ፤ በ2011 የዘሩ የአደጋ ደረጃ ዝቅ ሊል በቃ። ከዚህ የምረዳው፣ መካነ አራዊቱ ሥራውን ጨርሶ ቢሠራ እንኳ ከበሩ ማዶ ያለውን ምድር የሚጠብቅ ከሌለ ድካሙ ለአዳኝ ሲሳይ መሆኑን ነው።

የካሊፎርኒያው ኮንዶር ከዚህም ይበልጥ ልብ ይነካል። በጣም ትልቅ ጥንብ አንሳ አሞራ ነው። በ1982 በዓለም ላይ የቀሩት 22 ብቻ ነበሩ። በዱር ያሉትን ሁሉ ይዞ ማስገባት ሲታሰብ፣ ከተፈጥሮ ጥበቃ ሰዎች መካከል ራሱ «ነጻነታቸውን ይዘው ይጥፉ፤ በግቢ የሚኖር ኮንዶር ኮንዶር አይደለም» ያሉ ነበሩ። በ1987 የመጨረሻው ተያዘ፤ ሁሉም 27 ሆነው በግቢ ቀሩ። እኔ ያኔ ብጠየቅ ከየትኛው ወገን እንደምቆም እርግጠኛ አይደለሁም። የአሞራዎቹ ጠባቂዎች ግን በሩን ከመጀመሪያው ቀን አልረሱትም። ጫጩቶቹ ሰውን እንዳይለምዱ ጠባቂው ተሸሽጎ፣ የኮንዶር ራስ የሚመስል አሻንጉሊት በእጁ አጥልቆ ይመግባቸው ነበር። ለአንበሳ ግቢው ሽማግሌ እንዲህ ያለ ነገር ቢነግሯቸው ምን ይሉ ይሆን እላለሁ፤ በስም ከመጥራት ይልቅ መሸሸግ፣ ከመወደድ ይልቅ አለመታወቅ። በ1992 መለቀቅ ጀመሩ። ዛሬ ከ500 በላይ ናቸው፤ ከግማሽ የሚበልጡት በነጻ ሰማይ ላይ ያንዣብባሉ።

እንዲህ ያለ ታሪክ ያላቸው ዘሮች ጥቂት ናቸው። በ2011 የወጣ ጥናት እንዳሳየው፣ በመጥፋት አደጋ ላይ ካሉ የየብስ አከርካሪ አጥንት ያላቸው እንስሳት ዝርያዎች በመካነ አራዊት የሚገኙት ከሰባት አንድ ገደማ ናቸው። ሰው ለማየት የሚወደው ዝሆንና አንበሳ እንጂ እንቁራሪት ስላልሆነ፣ ግቢውም በዚያው ይሞላል። «ልጆች ካላዩ አይወዱም» የሚለውን ክርክር አልንቀውም፤ እኔንም ወደዚህ ጉዳይ ያመጣኝ የታሰረ አንበሳ ድምፅ ነው። ግን እኔ የወደድኩት ያላየሁትን አንበሳ ነበር።

መመለሻ የሌላቸውም አሉ። ከሶማሌ ክልላችንና ከሶማሊላንድ የአቦ ሸማኔ ግልገሎች ከእናታቸው ተነጥቀው በጀልባ የመን፣ ከዚያ ወደ ባሕረ ሰላጤው አገሮች የሚሸጡበት ንግድ አለ። ፍየል የተበላበት አርብቶ አደር ግልገሉን ሲያገኝ ኪሳራውን ለማካካስ ይሸጠዋል፤ መንገድ ላይ ብዙዎቹ ይሞታሉ። የተባበሩት ዐረብ ኤምሬቶች በ2016 አደገኛ አራዊትን በቤት ማኖርን የሚከለክል ሕግ አውጥታለች። ከነጋዴ የተወሰደ ግልገል ግን አደንን ከእናቱ አልተማረምና ቢለቀቅ በረሃብ ይሞታል። ለእንዲህ ያሉት የተዘጋጀ፣ ከአዲስ አበባ ብዙም በማይርቅ ቦታ ሆለታ አካባቢ እንሰሳ ኮቴ የሚባል 77 ሄክታር የማገገሚያ ማዕከል አለ። በድንበር ከተማ በአጭር ሰንሰለት ለዓመታት ታስሮ የኖረ ዶሎ የተባለ አንበሳ እዚያ ተጠልሎ ነበር። እነዚህን በአጥር ማኖር ዕዳ መክፈል ነው፤ ዕዳው እንዳይወለድ ደግሞ እንዲራቡ አይደረግም። በዚህ ዓይነት ቦታ ላይ ተቃውሞ የለኝም።

አንድ የእኛ እንስሳ ግን በዓለም ላይ ባለ በየትኛውም መካነ አራዊት የለም፤ ቀይ ቀበሮ። ከ500 የማይበልጡ አዋቂዎች በባሌ፣ በሰሜን ተራሮችና በጥቂት ሌሎች ከፍታዎች ይኖራሉ፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት ባሌ ናቸው። የእብድ ውሻ በሽታ ደጋግሞ ፈጅቷቸዋል። በግቢ ማራባት አንዱ ምክር ሆኖ ሲነሳ ቆይቷል። የተመረጠው ግን ሌላ መንገድ ነው፤ በአካባቢው ያሉ የገበሬ ውሾችን መከተብ፣ ከ2018 ጀምሮ ደግሞ ለቀበሮዎቹ ራሳቸው በሥጋ ውስጥ የተሸሸገ ክትባት ሌሊት በፈረስ እየዞሩ መጣል። አድካሚ ነው፤ ጎብኚ አያይም፤ ትኬት አይቆረጥለትም።

በ2020 በሰሜን ተራሮች አንድ ወንድ ቀይ ቀበሮ በጥይት የኋላ እግሩ ተሰብሮ ተገኘ። ከዚያ በፊት ቀይ ቀበሮን ይዞ ያከመ ሰው አልነበረም። የዱር እንስሳት ጥበቃ ሠራተኞችና ሐኪሞች ተመካክረው ያዙት፤ በተራራው ላይ ቤት አዘጋጁለት፤ ተረፈ ብለው ሰየሙት። ሰው እንዳይለምድ ተጠንቅቀው አበሉት፣ አጥንቱ እስኪጠግን ጠበቁት። ያለበትን ቦታ የሚነግር ማሰሪያ አንገቱ ላይ አድርገውለት ከሰባት ሳምንት በኋላ በሩን ከፈቱለት። ትንሽ አነከሰ ይላሉ፣ ከዚያ ሮጠ። ቆይቶም ሴት አገኘ፤ ግልገሎችም ወለዱ።